በኮኮቹ ዳር የቀረን

ከተማውን ለቀን የወጣን ዕለት አማቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ መቀስና የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሳቸውን የያዘችውን የቆዳ ቦርሳ ጭናቸው ላይ አድርገው ባዶው ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ተሸካሚዎቹ ሌላውን ዕቃ ሁሉ በደረጃው አውርደው ጨርሰዋል። የቀረችው እሳቸው የተቀመጡባት ወንበር ብቻ ናት፤ እሷንም እንዳይወስዱባቸው ነው መሰለኝ ንቅንቅ አላሉም።

«አባባ፣ መኪናው እየጠበቀ ነው» አልኳቸው።

«ይጠብቃ! እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ስጠብቅ አይደል የኖርኩት?»

«እዚያ እኮ አየሩ ይስማማዎታል።»

«አየሩን ተይው። እኔ የማውቀው የሰው ጭንቅላት ነው። ዛፍ እንደሆነ ፂም የለው፤ ምኑን ልላጨው ነው የምትወስዱኝ?»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። በመጨረሻ ባለቤቴ መጥቶ ክንዳቸውን ይዞ አስነሳቸው፣ እኔ ወንበሯን ተሸከምኩ፣ በዚያው ወረድን።

እውነቱን ለመናገር እኔም ከሳቸው አልሻልም ነበር። እሳቸው አፍ አውጥተው ተናገሩት፣ እኔ ዋጥኩት፤ ልዩነታችን ይኸው ነው። መጋረጃ ሰፊ ነበርኩ። ከቤታችን ማዶ ባለው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነን ለሆቴል፣ ለቢሮ፣ ለአዲስ ተጋቢ መጋረጃ እንሰፋለን። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ይንጫጫል፤ ከመኪናው በላይ የኛ ወሬ ይንጫጫል። የትኛዋ ደንበኛ ጎረቤት እንዳያያት መጋረጃ እንደምታሰፋ፣ የትኛዋ ደግሞ ጎረቤት እንዲያይላት እንደምታሰፋ አሳምረን እናውቃለን። ያንን ትቶ መሄድ ምላሴን ቆርጬ እንደመተው ነበር የሆነብኝ።

አባባ ደግሞ አውቶቡስ መናኸሪያው ጥግ ፀጉር ቤት ነበራቸው። ከየአገሩ የሚመጣ መንገደኛ መጀመሪያ የሚያየው የሳቸውን መስታወት ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከኛ ጋር ነው። እኔን ደስ ሲላቸው «ልጄ»፣ ሲቆጡ «እመቤቲቱ» ይሉኛል።

ሐሳቡ የባለቤቴ ነበር። የሚሠራው ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሥራው የተጋጨ መኪና እየዞሩ ማየትና የጉዳቱን መጠን መገመት። ብረት ብቻ ነው የማየው ይለኝ ነበር፤ ስለለመደው ነው እንጂ የሚያየው ብረት ብቻ አልነበረም። አንድ ቀን ሚስቱ የሞተችበት ሰው መኪናው አጠገብ ቆሞ ጠበቀው። ሰውየው ስለ ካሳው አንድም ቃል አላነሳም። ብቻ፣ «የሾፌሩን ወንበር ወደ ኋላ እንዳትገፋው፤ በሷ ቁመት ልክ ነው ያለው» ብሎ ለመነው። ባለቤቴ እንደ ምንም ቆሞ ሥራውን ጨረሰ። ቤት ሲመጣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣

«የሚያድግ ነገር ማየት እፈልጋለሁ» አለኝ።

እኔ ልጅ ማለቱ መሰለኝ። ከተጋባን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር፤ ልጅ አልመጣልንም። ሐኪሞቹም እንዲህ ነው ብለው ቁርጡን አልነገሩን። እሱ ግን ዛፍ ማለቱ ነበር። የመሥሪያ ቤት ጓደኛው አጎት፣ ተጥሎ የቆየ የፍራፍሬ እርሻ ሊሸጥ መሆኑን ሰምቷል። ሄዶ አየው። ሲመለስ ፊቱ ላይ ጭቃ ነበረበት፤ ያንን ፊት ካየሁት ስለቆየሁ እምቢ ለማለት አቅም አጣሁ።

*

እርሻው ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ፣ ድልድይ ተሻግሮ፣ ዳገት ላይ ነው። ከላይ ብርቱካን፣ ከታች እስከ ጅረቱ ድረስ ኮክ። ቤቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ባለ ሦስት ክፍል ነው፤ ከጎኑ መጋዘንና የውሃ ሞተር ያለበት ጎጆ አለ። ዛፎቹ ለዓመታት ሰው ስላልነካቸው እንደ እብድ ፀጉር ተንጨባርረው ነበር።

መጀመሪያ የከበደኝ ዝምታው ነው። ጠዋት ነቅቼ የስፌት መኪና ድምፅ ስጠብቅ፣ የአውቶቡስ ጥሩምባ ስጠብቅ፣ ምንም። ሰው ናፈቀኝ። አንዲት ጎረቤት ብቻ ነበረችን፤ ማለቴ ነበሩን፣ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከንቦቻቸው ጋር ብቻቸውን ይኖራሉ። ስማቸውን ብንጠይቃቸውም ሁሉም የሚጠራቸው «እማማ ንብ» እያለ ስለሆነ እኛም በዚያው ቀጠልን። የመጡ ዕለት ከላይ እስከ ታች አይተውኝ፣

«እነዚህ እጆች አፈር ያውቃሉ?» አሉኝ።

«ጨርቅ ነው የሚያውቁት።»

«ደግ። ጨርቅም ከአፈር ነው የሚበቅለው» ብለው አንድ ማሰሮ ማር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

አባባ ለብዙ ጊዜ ከቤት አልወጡም። መስኮቱ ዳር ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ልጃቸው ከዛፎቹ ጋር ሲታገል ያያሉ። ባለቤቴ መጽሐፍ አንብቦ፣ ሰው ጠይቆ፣ መከርከሚያውን ይዞ ቅርንጫፍ ይቆርጣል። አንድ ጠዋት እሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ሲቆራርጥ አባባ መስኮቱን በርግደው፣

«አንተ ልጅ! ያ ዛፍ ምን በደለህ?» ብለው ጮኹ።

ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ። ዛፉን ዞር ዞር እያሉ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብለው፣ አንገታቸውን ዘመም አድርገው አዩት። «በግራ በኩል ከብዷል። አናቱን አሳሳው፤ ብርሃን መሃል ድረስ ይግባ። ጭንቅላት እኮ ነው!» አሉ። ትክክል ይሁኑ አይሁኑ እግዜር ይወቀው፤ ለዛፉ የሚሆነውን የነገሩን በኋላ እማማ ንብ ናቸው፣ እሳቸውም የአባባን ምክር ግማሹን አፍርሰውባቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አባባ ቤት ውስጥ አልተገኙም። ከቤቱ ፊት ለፊት ዘይቱን ዛፍ አለች፤ ቅርንጫፏ ላይ መስታወት ሰቀሉ፣ ያቺን ወንበር አወጡ፣ ያካባቢው ገበሬ ሁሉ እየመጣ ይላጭ ጀመር። ወሬ ካለበት ደግሞ እኔም አለሁ። የስፌት መኪናዬን በረንዳው ላይ አውጥቼ የሚጠብቁትን ሰዎች ሱሪ እጥፋለሁ፣ ኪስ እጠግናለሁ፣ በዚያውም የሰፈሩን ጉድ እሰማለሁ። መኖር ማለት መልመድ ነው፤ ለመድነው።

ባለቤቴ ሌላ ሰው ሆነ። ያፏጫል። ማታ ለዛፎቹ ስም እየሰጠ ያወራኛል፤ «ኩሩዋ ዛሬ አበበች»፣ «ጎባጣው ውሃ አልበቃውም» ይላል። እጁ ሻከረ፣ እንቅልፉ ጣፈጠ። ከተማ እያለን ሌሊት ሲቃዥ እያባበልኩ የማስተኛው ሰውዬ፣ አልጋ ላይ እንደ ወደቀ የሚያንኮራፋ ሆነ። ኮኮቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና አድርገው ያፈሩ ጊዜ ደግሞ እኔ አረገዝኩ።

ለሱ ከመንገሬ በፊት ፈርቼ ስንት ጊዜ እንደ ዘገየሁ። የነገርኩት ኮክ ስንለቅም ነው። ሣጥኑን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠና፣ እንደሚወድቅ ሰው የዛፉን ግንድ ያዘ። አባባ ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ያለ ባርኔጣ ያየኋቸው ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል።

«እንግዲህ» አሉ፤ «አንድ ደንበኛ መጣልኝ።»

*

ዝናቡ ያን ዓመት ከበደ። የመጨረሻው የብርቱካን ለቀማ ላይ ነበርን፤ ፍሬው መጋዘን ውስጥ ከቆየ ይበላሻል። ባለቤቴ ፒካፑን ጭኖ በጠዋት ወደ ገበያ ሲወጣ እኔ ደህና ነበርኩ። መውለጃዬ ገና ነው። በር ላይ ቆሞ፣ «ልቅር እንዴ?» አለኝ፤ እንዲሁ ለአመል። «ሂድ፣ ደግሞ ቶሎ ና» አልኩት። ሁለታችንም ሌላ ነገር አላሰብንም።

ቀትር ላይ ወገቤን ሰነጠቀኝ። ቆየት ብሎ ይተወኛል ብዬ የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ ይዤ ቆየሁ። አልተወኝም። ውሃው ሲፈስ አባባ አዩኝ፤ መልካቸው አመድ መሰለ። በዝናቡ እየሮጡ ሄደው እማማ ንብን ይዘው መጡ። በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት እንደሮጡ አላውቅም፤ ሁለቱም በጭቃ ተለውሰው ነበር የገቡት። ለባለቤቴ ደወልን፤ መኪና እየነዳ ስለነበር አላነሳም። ሲያነሳ ፒካፑን አዙሮ መብረር ነበር፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ግን ውሃው ከድልድዩ በላይ ያልፋል። ከጤና ጣቢያው የሚመጣም ሰው መንገዱ ያው አንድ ነው።

እማማ ንብ ልጅ አዋልደው ያውቃሉ፤ ግን ጊዜው የደረሰ ልጅ። አባባ በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ልጅቷ ስትወጣ እማማ ንብ፣ «የሚቆርጥ ነገር!» ብለው ጮኹ። አባባ መቀሳቸውን ቀቅለው አዘጋጅተው ኖሯል። እማማ ንብ ልጅቷን በሁለት እጃቸው ይዘዋት ነበር። እትብቷን የቆረጡት አባባ ናቸው።

ሴት ነበረች። ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፤ ግን ሙሉ ሰው። ጥፍር ሳይቀር አላት። እንደ ድመት ግልገል ስስ ድምፅ አሰማችና ዝም አለች። እማማ ንብ ደረቴ ላይ አስተኝተው በሱፍ ሻል ሸፈኗት። አባባ ምድጃውን አጋግለው፣ ጠርሙስ ውስጥ ሙቅ ውሃ እየሞሉ፣ በፎጣ እየጠቀለሉ በግራና በቀኝ ያደርጉላታል። ሲቀዘቅዝ ይለውጡታል።

ባለቤቴ ከወንዙ ማዶ ሆኖ ደወለ።

«ተወለደች» አልኩት። «እየተነፈሰች ነው።»

«አሰሚኝ» አለኝ። «እባክሽ ድምፅዋን አሰሚኝ።»

ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋሁት። አላለቀሰችም፤ ትተነፍሳለች ብቻ። ብዙ ያዝኩት። ሲጨንቀኝ ወደ ጆሮዬ መለስኩትና፣ «ሰማሃት?» አልኩት። ዝናቡ ጣሪያችንን እየደበደበ ነበር።

እስኪመሽ አልቆየችም። መቼ እንደሄደች ለይቼ አላውቅም። አባባ ጠርሙሱን ሊለውጡ ጎንበስ ብለው፣ ከዚያ ሳይለውጡት ቀና አሉ። እንዲያ ነው ያወቅኩት።

ውሃው ጎድሎ ባለቤቴ በማግስቱ ሲገባ በሻሉ ጠቅልለን አልጋው ላይ አስተኝተናት ነበር። ፊቷን ገለጠ፤ አየ፤ መልሶ ሸፈነ። አንድም እንባ አልወጣውም። አካፋ ይዞ ወጣና ከጅረቱ ከፍ ብሎ የኮኮቹ ረድፍ ከሚያበቃበት ጥግ ቆፈረ። አባባ ሊያግዙት ቢሉ አካፋውን አልሰጣቸውም።

*

ከዚያ በኋላ ፉጨቱ ቆመ። ውሃ ማጠጣቱን፣ ማረሙን ይሠራል፤ ግን ሥራው እንደ ቅጣት ነበር። ከቤቱ ወደ ታች ሲወርድ በኮኮቹ በኩል አያልፍም፤ ዞሮ በአጥሩ ነው የሚሄደው። እኔ ደግሞ በተቃራኒው፣ ጠዋት ከአልጋ ወርጄ መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው። በአንድ ቤት እየኖርን ሁለት መንገድ አወጣን።

እኔ እንደሆንኩ ጡቴ ወተት ይዞ ደረቴን ሲያቃጥለኝ ለማን እነግራለሁ? እማማ ንብ ጨርቅ እያረጠቡ ያስሩልኝ ነበር። «ቀን ያልፋል አልልሽም» አሉኝ፤ «ቀን አያልፍም፤ ሰው ነው የሚያልፈው።» ሌላው ሰው ሁሉ «ገና ወጣት ነሽ፣ ትወልጃለሽ» ሲለኝ፣ ያጽናናኝ የሳቸው ክፉ የሚመስለው ቃል ነው።

አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ባለቤቴ ብርጭቆውን እያየ፣

«እንመለስ» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ከተማ። እዚህ ያመጣኋችሁ እኔ ነኝ። ከተማ ብንሆን ሐኪም ቤቱ በእግር ነበር።»

«እዚያ ብንሆን ላትመጣም ትችል ነበር።»

«እሱን አታውቂም።»

«አንተም አታውቅም። እኔ ጥያት አልሄድም።»

ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ተቆጥቶ ቢሆን በወደድኩ። «አንቺ አውቀሻታል» አለኝ። «አባባም አውቋታል። እማማ ንብ ሳይቀሩ አውቀዋታል። እኔ የሰማሁት የቆርቆሮውን ዝናብ ነው። ለማላውቃት ልጅ እንዴት አድርጌ እንደማለቅስላት ንገሪኝ።»

ተነስቼ ላቅፈው ይገባ ነበር ይሆናል። ግን እኔም በራሴ ሐዘን ተሞልቼ ሌላ ሰው የሚገባበት ቦታ አልነበረኝም። ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ሄድኩ።

ከተማ የድሮ መሥሪያ ቤቱ ለጊዜው ሥራ ሰጠው። ለጊዜው፣ እስከ ለቀማ፣ አለን። የብርቱካን ለቀማው ደረሰ፤ መጣ፤ ለቅሞ ተመለሰ። ከዚያ በየሳምንቱ የነበረው በየወሩ ሆነ፣ በየወሩ የነበረው ስልክ ሆነ። ስልኩም «ዝናብ ጣለ?» «ጣለ» ሆነ። አልተጣላንም። ሰው ሲጠይቀኝ «ሥራ በዝቶበት ነው» እላለሁ፤ ሰውም አንገቱን ይነቀንቃል፤ ማን ማንን እንደሚሸነግል ሁላችንም እናውቃለን።

*

በሚቀጥለው የኮክ ወቅት አባቱን ሊወስድ መጣ።

ቀድሞ በስልክ ነግሮኝ ነበር። መናኸሪያው አካባቢ የሚያውቀው ፀጉር ቤት ውስጥ ለአባባ የሚሆን ወንበር አግኝቷል፤ ሲፈልጉ ይሠራሉ፣ ሲደክማቸው ይቀመጣሉ። የድሮ ወዳጆቻቸውም በአካባቢው አሉ። አባባ ከመጣን ጀምሮ የሚመኙት እሱን ነው። እንዳይከፋቸው ብዬ እኔው ልብሳቸውን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ሻንጣቸውን አዘጋጀሁ። ኮታቸውን ሁለት ጊዜ ተኮስኩት፤ ግን ይሂዱ አልኩ። እኔ ብቻዬን መቅረትን የመረጥኩ ሰው፣ እሳቸውን ምን ብዬ አስቀራለሁ?

ባለቤቴ ሲገባ ፀጉሩ ጆሮውን ሸፍኖታል። አባባ ገና ሲያዩት፣

«ይሄን ጫካ ተሸክመህ ነው ከተማ የምትኖረው? ና ተቀመጥ» አሉት።

«መንገድ እንጀምር እንጂ አባባ።»

«ተቀመጥ አልኩህ።»

ዘይቱኗ ሥር ተቀመጠ። አባባ ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰሩለት። እኔ በረንዳው ላይ ኮክ እየለየሁ ነበር፤ የበሰለውን ወዲህ፣ የተመታውን ወዲያ። መቀሱ ሲንሿሿ ይሰማኛል። አባባ አናቱ ላይ ሲደርሱ፣

«ስለ ፀጉሯ ጠይቀኸኝ አታውቅም» አሉ።

ባለቤቴ ሊዞር ሲል አባባ ጭንቅላቱን አቃንተው ያዙት።

«እኔ የሰው ጭንቅላት ስነካ ነው የኖርኩት። ከታሰረው እስከ ተሾመው ነክቻለሁ። እንደዚያ ያለ ግን ነክቼ አላውቅም። ጥቁር ነው፤ ብዙ። እርጥብ ሆኖ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ እማማ ንብ ሲያደርቁላት ብድግ አለ። እዚህ ጋ» አሉና ጣታቸውን የልጃቸው አናት ላይ አሳረፉ፤ «እዚህ ጋ ዞሮ ይጠማዘዛል። ልክ እንዳንተ። አንተም ስትወለድ እንዲሁ ነበርክ፤ እናትህ በውሃ ብታስተኛው፣ በቅባት ብታስተኛው፣ እምቢ አላት።»

የባለቤቴ ትከሻ ጨርቁ ሥር ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ትንሿን ጣቴን ይዛ ነበር። ጠርሙሱን ልለውጥ ጣቴን ሳወጣ ጠበቅ ታደርጋለች። እልኸኛ ነበረች። ይሄንን ደግሞ ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ እመቤቲቱ እየሰማችኝ ነው፣ ትስማኝ።»

ያኔ አለቀሰ። ያ ሁሉ ጊዜ የት አስቀምጦት እንደነበር እንጃ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ አፉን በጨርቁ ይዞ አለቀሰ። አባባ መቀሱን አላቆሙም። «አትነቃነቅ» ይሉታል፤ «ጆሮህን እቆርጠዋለሁ፤ አትነቃነቅ ልጄ።» የሳቸውም እንባ ነጩ ፂማቸው ውስጥ እየገባ ይጠፋል። እኔ የበሰለውንና የተመታውን መለየት አልቻልኩም፤ ሁሉንም አንድ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

ሲጨርሱ አንገቱን በብሩሽ ጠረጉለት፣ ጨርቁን አራገፉ። ባለቤቴ ፊቱን ታጥቦ፣

«እንሂድ አባባ» አለ።

«አልሄድም።»

«አባባ፣ ከተማ ከተማ ስትል አልነበር እንዴ? ሻንጣህም ተዘጋጅቷል።»

«አዎ፣ ስል ነበር። ስማኝ፤ ካንተ ጋር ብሄድ ያንተ አባት ነኝ። እሱ ደግሞ የትም ብሆን አይቀርልኝም። እዚህ ስሆን ግን አያት ነኝ። ሌላ ቦታ አያት የምሆንበት የለኝም።»

ባለቤቴ ወደ ኮኮቹ አየ። ከዚያ፣ ከቀበርናት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአጥሩ ሳይዞር በመሃል ወረደ። ብዙ ቆየ። ይቀራል ብዬ ነበር። ሰው አለቀሰ፣ ወጣለት፣ እንግዲህ ይቀራል ብዬ የአልጋውን አንሶላ ሳይቀር በሐሳቤ ቀየርኩ። ተመልሶ ሲመጣ ግን ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። የፒካፑ በር ላይ ቆሞ፣

«ነይ» አለኝ። ቀስ ብሎ።

«ቅር» አልኩት እኔም።

ሁለታችንም ጠበቅን። ከዚያ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። አባባ ሻንጣቸውን ራሳቸው ጎትተው ወደ ክፍላቸው መለሱት።

*

ከአባባ ጋር ብዙ ወቅት ኖርን። እኔ ዛፍ ላይ እወጣለሁ፣ እሳቸው ከታች ሆነው ይሳደባሉ። እማማ ንብ አርጅተው ቀፎዎቻቸውን ወደ እኛ አመጡ፤ በኋላም እሳቸው ራሳቸው ቀፎዎቹን ተከትለው መጡ። ሦስታችን ምሳ ስንበላ ሁለቱ አዛውንት ስለ ጨው ይጣላሉ። ያ ቤት ሳቅ የማያውቅ ቤት ነበር ብል እዋሻለሁ።

ባለቤቴ ሌላ አገባ። ራሱ ደውሎ ነገረኝ፤ ከሌላ ሰው እንድሰማ አልፈለገም። ልጅ ሲወልድም ደወለ። «እሰይ» አልኩት፣ ከልቤ ነው። ስልኩን ዘግቼ ግን የከፈትኩትን ውሃ ረሳሁት፤ አባባ «ማሳውን ልታሰምጪው ነው እንዴ?» ብለው ሲጮኹ ነው ወደ ራሴ የተመለስኩት። አይተውኝ ምክንያቱን አልጠየቁኝም። ሄደው ውሃውን ዘጉት።

አባባ ያረፉት በኮክ ወቅት፣ ጠዋት፣ ጫማቸውን እያሰሩ ነው። አንዱን አስረው፣ ሁለተኛው ላይ። ከሷ ጎን ቀበርናቸው። ባለቤቴ፣ አሁንም አፌ ላይ የሚመጣው ባለቤቴ ነው፣ ብቻውን መጣ። ቀብሩ አልቆ ሰው ሲበታተን በረንዳው ላይ ከኔ ጋር ተቀመጠ። ሸብቷል።

«ለምን አልሸጥሽውም?» አለኝ። «ስንት ጊዜ ገዢ መጥቶልሽ።»

«ለማን ልሽጠው? የገዛው ሰው፣ እዚያ ጥግ ላይ አትረስ ብለው ይሰማኛል?»

አንገቱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ ወደ ታች እያየ፣

«ፍሬው ደርሷል» አለ።

«ደርሷል። ከቀብሩ በፊት መለቀም ነበረበት፤ መሬት ላይ መርገፍ ጀምሯል።»

ኮቱን አውልቆ የወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለ። እኔ ሣጥኖቹን አመጣሁ። አንዱን ዛፍ እሱ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል ሆነን ለቀምነው። እጁ ሥራውን አልረሳም፤ ፍሬውን ሳይጎትት፣ ጠምዘዝ አድርጎ ነው የሚያወርደው። በቅጠሉ መሃል አንዳንዴ ፊቱ ይታየኛል፣ አንዳንዴ አይታየኝም። ሁለተኛውን ዛፍ ጀምረን ስልኩ ጠራ፤ ራቅ ብሎ አነሳና፣ «አዎ፣ እመጣለሁ፣ ሳትተኛ እደርሳለሁ በያት» ሲል ሰማሁት።

ልጁ ሴት እንደሆነች ያወቅኩት ያኔ ነው። ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

እጁን በሱሪው ጠርጎ ኮቱን ለበሰ። አንድ ሣጥን ኮክ መኪናው ውስጥ አስቀመጥኩለት፤ የበሰለውን ከላይ አድርጌ፣ ለመንገድ እንዳይፈርጥ ቅጠል ጣል አድርጌበት። «ለልጅቷ» አልኩት። እጄን ያዘኝ፣ ለቀቀኝና ሄደ።

የቀሩትን ዛፎች ብቻዬን ለቀምኳቸው። እማማ ንብ በረንዳው ላይ ሆነው፣ «ይብቃሽ፣ ነገም ቀን ነው» ይሉኝ ነበር፤ ግን የደረሰ ኮክ ነገን አይጠብቅም።